ከጓደኛ ጋር መመሳሰል እስከ የት?

መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆችን ጨምሮ በርካታ ሰዎች መገደላቸው ሲሰማ፣ የአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ብዙዎች ይህን የሚያነሱት የሽማግሌዎችን ታላቅነት ለማውሳት ነው። እኔ ግን ስለ ተማሪዎች ሳስብም ይታወሰኛል። ወጣቱን ያስወጣው ከእኩዮቹ ጋር የመሆን ግፊት ከነበረ፣ የመለሰውም ከአባቶቹ ወግ ያለመውጣት ግፊት ነው። ስለዚህ መመሳሰልን በደፈናው ለማውገዝም ለማወደስም እቸገራለሁ።

ከጫኖ ሙዝና ማንጎ ማሳ ተነሥቶ ለትምህርት አርባ ምንጭ የሚገባን ልጅ እናስብ። «ይመሳሰል፣ ምን አለበት?» የሚሉ ወላጆች ቀላል ነገር አይናገሩም። ዩኒፎርም ቢያንስ በመጀመሪያ እይታ የገበሬውንና የደመወዝተኛውን ልጅ አይለይም። ጋሞው፣ ጎፋው፣ ወላይታውና ዘይሴው በአንድ ግቢ ሲውሉ በአማርኛ መጫወታቸው ብዙ ጊዜ መግባቢያ ፍለጋ እንጂ የራስን መናቅ አይደለም። ብቸኝነት ደግሞ በዚያ ዕድሜ ከባድ ነው፤ ትምህርት እስከ ማስጠላት ሊደርስ ይችላል።

መመሳሰልን የሚፈሩትም የሚሰጉት ያለ ምክንያት አይደለም። እናቱ በጋሞኛ ስትደውልለት ጓደኞቹ እንዳይሰሙ ድምፁን የሚቀንስ ልጅ መግባቢያ ከመፈለግ አልፎ ማፈር ጀምሯል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ኩረጃ ነው። መልሱን የሚሸፍን ተማሪ «ስስታም» ሲባል፣ ሐቀኛ መሆን ጓደኛ የሚያሳጣ ይሆናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመግታት በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በእርግጥ ውጤቱን ለኩረጃ ብቻ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የመምህራንና የመጻሕፍት እጥረትም አለ። ቢሆንም አብሮ መገልበጥ ማንንም እንዳላሳደገ መካድ ይከብዳል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰዎችን በቡድን አድርጎ የመስመሮችን ርዝመት በዓይን አስነጻጽሮ ነበር። ከተፈታኙ በቀር ያሉት የቡድኑ አባላት አስቀድመው በተመካከሩበት መሠረት የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ብዙዎቹ ተፈታኞች ዓይናቸው ያየውን ትተው ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከትለዋቸዋል። ከነዚያ አባላት አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲናገር ግን የሚከተለው በእጅጉ ቀነሰ። ነገሩ በዋናነት የተሞከረው በአሜሪካ ወንድ የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ነውና እንዳለ ወደ እኛ ክፍሎች መገልበጥ አይገባም። ሆኖም ልጁን «ጀግን፣ ብቻህን ቁም» ከማለት ይልቅ አንድ አጋር እንዲኖረው ማድረግ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል።

እንግዲህ ዩኒፎርሙ ይቀጥል፤ የእረፍት ሰዓት ቋንቋ ግን ለተማሪው ይተው። ከአንድ ቀበሌ የመጡ ልጆችም አጋር እንዲኖራቸው ቢያንስ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በአንድ ክፍል ይመደቡ። ይህ ቡድንተኝነትን ያመጣል የሚሉ መምህራን ሊኖሩ ይችላሉ፤ ስጋታቸውም ተገቢ ነው። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ማቀላቀል ይቻላል፤ ያኔ ልጁ ቢያንስ መምህራኑንና ግቢውን ለምዷል።