«ኮር አይ ሰቨን ነው» ሲሉን



ከመራዊ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም፣ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ዘወትር የሚሰማው ማረጋገጫ አንድ ነው፦ «ኮር አይ ሰቨን ነው»። እኔ ይህን አልቀበልም። በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው አይ7-4600ዩ ሁለት ኮር ብቻ አለው፤ በ2017 የወጣው አይ5-8250ዩ ግን አራት። በስም የሚያንሰው በሥራ ይበልጣል። ዩኒቨርሲቲ ለገባች ልጁ ከበቆሎ ሽያጩ ቆጥቦ ለሚገዛ የሜጫ ገበሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥፋቱ የሚጀምረው ግን ከሱቅ ሳይሆን ከአምራቾቹ ነው። ኢንቴል በ2018 ታይፔ ላይ ባለ 28 ኮር ፕሮሰሰሩን በ5 ጊጋኸርዝ ሲያሳይ፣ ለኢንዱስትሪ የሚያገለግል ማቀዝቀዣ ከጠረጴዛው ሥር ነበር፤ ለታዳሚው አልተነገረም። ኤኤምዲ በበኩሉ ቡልዶዘር በተባሉት ፕሮሰሰሮቹ የኮር ቁጥር ተከስሶ በ2019 12.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2023 መጨረሻ ኢንቴል ተቀናቃኙን አሮጌ ንድፍ በአዲስ ቁጥር ይሸጣል ሲል ወቀሰ። ወቀሳው ልክ ነበር፦ ራይዘን 5 7520ዩ የተሠራው በ2019ኙ የዜን 2 ንድፍ ነው። ወቃሹ ግን በማግሥቱ ወር የቀድሞ ትውልዱን ቺፕ «ኮር 7 150ዩ» ብሎ ለገበያ አቀረበ።

በዚህ እትም ለሁለቱም አንወግንም። የሞዴል ቁጥር አነባበብን በስፋት አቅርበናል። ገበያ የምትወጡ ሙሉውን ቁጥር ጠይቁ፤ ማሽኑን አስከፍታችሁ ራሳችሁ እዩት፤ ቻርጀሩንም ነቅላችሁ ለግማሽ ሰዓት አሠሩት።

አዘጋጁ