ኮሚቴው መልስ የሚሰጠው ለማን ነው?

በአንድ ከተማ ውስጥ ጧሪ ቀባሪ ያጡ አረጋውያን፣ ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ሕፃናት፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ ያላገኙ ወጣቶች እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። እነዚህን ሰዎች አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሩቅ ሆኖ ለይቶ ሊያውቃቸው አይችልም። ማን ጦሙን እንዳደረ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ስለዚህ የማኅበራዊ አገልግሎትና የወጣቶች ጉዳይ፣ መመሪያው ከየትም ይውጣ ከየት፣ በመጨረሻ የሚወድቀው ከሠፈሩ ሰዎች በተውጣጣ ኮሚቴ ላይ ነው።

ነገር ግን ጎረቤት የሚያውቀውን ያህል ያደላል። ዘመድ አለው፤ አበ ልጅ አለው፤ ባለፈው ዓመት በአጥር ድንበር የተጣላው ሰውም አለ። በዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰዎች «ኮሚቴ ይቅርና ሥራው ደመወዝ ለሚከፈለው ባለሙያ ይሰጥ» ሲሉ ይሰማል። እኔ በዚህ አልስማማም። ባለሙያውም ቢሆን ሰው ነውና ማድላቱ አይቀርም፤ በዚህ ላይ ደግሞ የሠፈሩን ሰው አያውቅም። በእኔ አስተያየት ዋናው ጥያቄ ኮሚቴ ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ሳይሆን፣ ኮሚቴው መዝገቡን ገልጦ የሚያሳየው ለማን ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እድርን እንመልከት። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ብዙዎቹ እድሮች የተጻፈ ደንብ አላቸው። አባሉ በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል፤ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑ ይተከልለታል፣ ወንበሩና ድስቱ ይመጣለታል፣ በደንቡ የተወሰነው ገንዘብ ይሰጠዋል። የእድሩ ሒሳብም በአባላቱ ፊት ይነበባል። አንድ ድስት ቢጎድል «ማን ዘንድ ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ አንዳንድ ጊዜም ክርክሩ የድስቱን ዋጋ የማያክል እስኪመስል ድረስ ይረዝማል። እኔ ግን ይህን ክርክር እወደዋለሁ። የእድሩ ሹማምንት ተጠሪነታቸው በፊታቸው ለተቀመጠው ሰው መሆኑን የሚያስታውሳቸው እርሱ ነውና።

መንግሥት በሠፈር ደረጃ ሰፊ መዋቅር የዘረጋው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47፣ ነዋሪዎች በየቀበሌያቸው በማኅበር እንዲደራጁ አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶችም በቀበሌዎች እጅ ገቡ። ቀበሌዎች የኅብረት ሱቅ ከፈቱ፤ በብዙ ሥፍራ መዋዕለ ሕፃናት አቋቋሙ፤ የሠፈር ክርክር የሚታይበት የፍርድ ሸንጎም ነበራቸው። በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ተማሪዎቹን የመመዝገብና የመማሪያ ቦታ የማዘጋጀት ሥራ የተሠራው በዚሁ መዋቅር አማካይነት ነው። የልጅ ልጅ ያዩ እናቶች ደብተር ይዘው ከቀበሌ አዳራሽ ገብተው ፊደል ቆጥረዋል። ይህ በጎ ሥራ ነበርና ሊካድ አይገባም።

ይሁን እንጂ የዚያኑ ዘመን ሌላውን ገጽ መሸፈን ተማሪን ማታለል ይሆናል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ብዙ የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች እስር ቤት ሆነዋል። ስኳርና ጤፍ የሚከፋፈልበት መዝገብ ከተቀመጠበት ግቢ ውስጥ ወጣቶች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል፤ ከዚያ ተወስደው የተገደሉም ብዙዎች ናቸው። ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ ያለው ዕውቀት ለመርዳት እንደሚያገለግል ሁሉ ለማጥፋትም እንደሚያገለግል ያን ጊዜ ታየ። የተጠርጣሪዎች ስም የሚጻፈው በምስጢር ነበር፤ ጻፊዎቹም መልስ የሚሰጡት ወደ ላይ፣ ለበላዮቻቸው ብቻ ነበር። ነዋሪው ዝርዝሩን አይቶ «ይህ ስህተት ነው» የሚልበት መንገድ አልነበረውም። ቢኖርስ ማን ይደፍር ነበር?

ወደ ቅርቡ ጊዜ ስንመጣ፣ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረውን የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም እናገኛለን። ፕሮግራሙ መሥራት የሚችለውን ድኻ በአካባቢ ጽዳትና በመሳሰሉት ሥራዎች አሰማርቶ ይከፍለዋል፤ በዕርጅና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት ለማይችለው ደግሞ ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣል። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን በመለየቱ ሥራ ላይ የነዋሪው ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ ይሳተፋል። የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍና ቅሬታ የሚሰማ ሌላ ኮሚቴ እንዲኖር የፕሮግራሙ አሠራር ያዛል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ይህም የስም ዝርዝር ነው፤ ነገር ግን ከግድግዳ ላይ ያለ ዝርዝር ነው።

በዚህ አሠራር ላይ የሚቀርብ ከባድ ተቃውሞ አለ። «ድህነትን ከግድግዳ ላይ መለጠፍ ውርደት አይደለምን?» ይባላል። በእርግጥ በአገራችን ሰው ችግሩን ደብቆ፣ ያላትን አንዲት ነጠላ አጥቦ ለብሶ መውጣት ይወዳል። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ስሟ ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተጽፎ መንገደኛ ሁሉ ሲያነበው ምን ሊሰማት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ተቃውሞው እውነት አለው። ስለዚህ ከዝርዝሩ ላይ ሊሰፍር የሚገባው ስም ብቻ መሆን አለበት፤ የሰውየው በሽታ፣ የቤቱ ገመና፣ የልጆቹ ሁኔታ በኮሚቴው ዘንድ ተጠብቆ ሊቆይ ይገባል። ዝርዝሩ ጨርሶ ይደበቅ የሚለውን ግን አልቀበልም። የተደበቀ ዝርዝር ያችን እናት ከኀፍረት አያድናትም፤ ምናልባት የኮሚቴው ሰብሳቢ የእህት ልጅ በእርሷ ቦታ ይገባና እርሷ በባዶ እጇ ትቀራለች፤ ለምን እንደ ቀረችም የሚነግራት አይኖርም።

የወጣቶችን ጉዳይ ስንመለከት ደግሞ ሌላ ዓይነት ጉድለት እናያለን። በብዙ ከተሞች የወጣት ማዕከላት ተሠርተዋል። ቤተ መጻሕፍት፣ የስፖርት ሜዳና አዳራሽ ያላቸው መልካም ማዕከላት አሉ። ከጊዜ በኋላ ግን ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፎ፣ አዳራሹ ለሠርግ እየተከራየ፣ የቀረው ክፍል የውጭ አገር የእግር ኳስ ውድድር ማሳያ ብቻ የሆነባቸውም አይታጡም። ኳስ ማየት ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የኪራዩ ገንዘብ የት እንደ ገባ ወጣቱ ካልተነገረው፣ ማዕከሉ በስም ብቻ የእርሱ ሆነ ማለት ነው። ልጃገረዶችማ ከበሩ የማያልፉባቸው ማዕከላት ጥቂት አይደሉም። ቤት ውስጥ ውሃ ቀድታ፣ ታናናሾቿን አብልታ ስትጨርስ ይመሻል፤ ከመሸ በኋላ ደግሞ ወላጆቿ አይለቋትም። የማዕከሉ የሥራ ሰዓት ሲወሰን ይህን የሚናገር ሰው በስብሰባው ላይ ከሌለ፣ «ሴቶች አይመጡም፤ ፍላጎት የላቸውም» የሚል ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። እንዲህ ያለው ቃለ ጉባኤ ከባዶ ወረቀት ይከፋል እላለሁ።

አንዳንዶች ወጣት በኮሚቴ ውስጥ ቢገባ ትዕግሥት የለውም፣ ልምድ የለውም ይላሉ። ልምድ እንደሚያንሰው አልክድም፤ የሒሳብ መዝገብ አያያዝን ከታላላቆቹ መማር ይኖርበታል። ነገር ግን ለወጣት የታሰበው ገንዘብ ለወጣት መዋሉን ከወጣቱ የበለጠ የሚከታተል ማን ነው? ደግሞም አንድ ተወካይ በይስሙላ ማስቀመጥ አይበቃም። ተወካዩ በአስተዳደሩ የተመረጠ ከሆነ ዓይኑ ወደ አስተዳደሩ ይሆናል፤ ራሳቸው ወጣቶቹ ሊመርጡት፣ ካልሠራም ሊያነሡት ይገባል። ቢያንስ አንዲት ልጃገረድም አብራ ልትቀመጥ ይገባል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያለውን ነው። ይህን መጽሐፍ የያዛችሁ ብዙዎቻችሁ ከዚህ ውስጥ ትቆጠራላችሁ። በሠፈራችሁ የወጣት ማዕከል ካለ የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ይኖራል፤ ኮሚቴው ገቢና ወጪውን ለመጨረሻ ጊዜ በወጣቶች ፊት ያነበበው መቼ እንደ ሆነ የሚያውቅ ከክፍላችሁ ስንት ሰው ነው?