ልጅን ለስፖርት ስለ መስጠት

ልጁ በሩጫ ወይም በእግር ኳስ የበረታለት የነቀምቴ ሰው፥ መልማይ ከአዲስ አበባ መጥቶ «ልጅህን ስጠን» ባለው ጊዜ በደስታና በሥጋት መካከል ይቆማል። የኃይሌ ገብረ ሥላሴ አባት የልጃቸውን ሩጫ አልወደዱም ነበር፤ ልጁ ግን በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘ። ዳሩ ግን በ1952 በሮም፥ በ1957 በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ዳግመኛ በእግሩ ሊሄድ አልቻለም። እንግዲህ ልጅን መከልከል የሚያስቆጭ፥ ያለ ውል መስጠትም የሚያስጸጽት ነው። ስለዚህ አባት ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ልጁ ትምህርቱን የት እንደሚቀጥል፥ ቢጎዳም ማን እንደሚያሳክመው በውሉ ተጽፎ ሊያይ ይገባዋል። ማንበብ ለማይችለው ወላጅ ሹሙና ካህኑ ውሉን አንብበው ያስረዱት፤ የአንድ ቀን ፊርማ የብዙ ዘመን ዕዳ እንዳይሆንበት።