ዮርክ ሳውዝ፦ የአንድ ወንበር ታሪክ



ይህ እትም በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የነበረውን የዮርክ ሳውዝን የምርጫ ክልል ታሪክ ይዳስሳል። ክልሉ ዛሬ በካርታ ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ከ130 ወንበር ወደ 103 ሲቀነስ ለሌሎች ክልሎች ተከፋፈለ። እስከዚያ ድረስ ግን ሦስት የፓርቲ መሪዎችን ወደ ምክር ቤቱ ልኳል።

ቴድ ጆሊፍ በ1943 እዚህ ሲመረጡ ፓርቲያቸው ሲሲኤፍ (የኋላው ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ) በ34 ወንበር ዋናው ተቃዋሚ ሆነ። በ1945 ተሸነፉ፤ በ1948 ተመለሱ፤ በ1951 እንደገና ወደቁ። የዮርክ ሳውዝ መራጭ መሪ ናቸው ብሎ አልማራቸውም፤ ይህን አከብርለታለሁ።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚነካኝ ግን የሁለተኛው የፓርቲው መሪ የዶናልድ ማክዶናልድ ታሪክ ነው። ከ1955 ጀምሮ ክልሉን 27 ዓመት ያህል ወክለዋል። በ1982 ቦብ ሬይ የኦንታሪዮ ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ መሪ ሲሆኑ በክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት መቀመጫ አልነበራቸውም። መቀመጫ የሌለው መሪ ደግሞ በአዳራሹ ተነሥቶ መንግሥትን መጠየቅ አይችልም። አንጋፋው ማክዶናልድ ሽንፈት ሳያስገድዳቸው ወንበራቸውን ለቀቁ። ሬይ በማሟያ ምርጫው አሸንፈው ገቡ፤ በ1990ም የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሥልጣን በወጉ ሲተላለፍ ማየት ለሚናፍቅ ሁሉ ይህ ምዕራፍ በእርጋታ ሊነበብ ይገባዋል፤ ሰፊ ገጽ የሰጠነውም ለዚህ ነው።



አዘጋጁ