ለመሆኑ ምን እያነበባችሁ ነው?



እስቲ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁለት ወንድማማቾች ከጁሙዓ ሰላት በኋላ መስጊድ በር ላይ ሲገናኙ የማይጠያየቁት ነገር የለም። ጤናው፣ ልጆቹ፣ ገበያው፣ የቤት ኪራዩ፣ የእገሌ ኒካሕ፣ የእገሌ ሐጅ ሁሉ በየተራ ይነሳል። በዚህ ሁሉ መሐል ግን «ሰሞኑን ምን እያነበብክ ነው? ወደድከው ወይ?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ የሰማ ማን ነው? ድንገት ቢነሳ እንኳ መልሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ተጠያቂው ጉሮሮውን ይጠርግና የአንድ ትልቅ ተፍሲር ወይም የአንድ ባለ ብዙ ቅጽ የሐዲስ ስብስብ ስም ይጠራል። ጠያቂውም «ማሻአላህ!» ይላል። ወሬውም በዚያው ይዘጋል። የተጠራው ኪታብ ግን ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ከላስቲኩ አልወጣም።

የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከዚህ መልስ ጋር ነው። በየቤታችን ንባብ ለምን ደከመ ሲባል ሁልጊዜ የሚቀርቡት ሁለት ምክንያቶች የገንዘብ እጥረትና የጊዜ እጥረት ናቸው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ከሁለቱ የማይተናነስ ሦስተኛ ምክንያት ግን አለ፤ እሱን ደፍሮ የሚናገር የለም። ስለምናነበው ነገር እውነቱን አንነጋገርም። ያላነበብነውን እናወድሳለን፤ ያነበብነውንና የወደድነውን እንደብቃለን። ልጆቻችንም ይህንኑ እያዩ ያድጋሉ።

የመደርደሪያው ጌጥ

ብዙዎቻችን ሳሎን ውስጥ የተቀመጠውን ቡፌ ተመልከቱ። ስማቸው በወርቅ ቀለም የተጻፈ ወፋፍራም ኪታቦች ጀርባቸውን ለእንግዳ አሳይተው ተደርድረዋል። ከጎናቸው የሚያምሩ ስኒዎች አሉ። ኪታቦቹም ስኒዎቹም የተቀመጡት ለአንድ ዓላማ ነው፤ እንዲታዩ! ትንሹ ልጅ እጁን ሲዘረጋ «ተው! ይቆሽሻል!» ይባላል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደግሞ ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ያገኛል፤ እሱም ፈተና እስኪያልፍ ድረስ ብቻ የሚሸመደድ ነው። ስለዚህ ለዚህ ልጅ በዓለም ላይ ያለው መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለእይታ፣ ሌላው ለፈተና። ሰው ልቡ ስቦት፣ እንቅልፉን ትቶ የሚያነበው ሦስተኛ ዓይነት መጽሐፍ እንዳለ ማን አሳየው?

የሚገርመው ግን ቤቱ ውስጥ ንባብ መኖሩ ነው። አባት አልጋ ላይ ጋደም ብሎ የታሪክ መጽሐፍ ይገልጣል። እናት ሥራዋን ስትጨርስ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤቶች ታሪክ የያዘች ትንሽ መጽሐፍ ታነባለች። ልጅቷ ደግሞ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ልቦለድ ደብተር ውስጥ ሸሽጋ ታነባለች። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ሰዎች ሦስት መጽሐፍ ያነባሉ፤ አንዱ ግን የሌላውን አያውቅም። አባት «ቁም ነገር አይደለም» እንዳይባል፣ እናት «እኔ ምን አውቃለሁ» ብላ፣ ልጅቷ ደግሞ ቁጣ ፈርታ ዝም ይላሉ። እራት ላይ የሚወራው ስለ ዘይት ዋጋ ነው። ይህ ኪሳራ አይደለምን?

የዛሬው መደርደሪያ ደግሞ ስልካችን ሆኗል። በቴሌግራም በመቶ የሚቆጠር መጽሐፍ በፒ.ዲ.ኤፍ. ይጫናል። «ግሩም መጽሐፍ ነው፣ እንዳያመልጣችሁ» ተብሎ ለሃምሳ ሰው ይላካል። ላኪው አንዲት ገጽ አልገለጠም፤ ተቀባዩም አይገልጥም፤ ለሌላ ሃምሳ ያስተላልፋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያልተሰጠውን እንደተሰጠ አስመስሎ የሚታይን ሰው ሁለት የሐሰት ልብሶች ከለበሰ ሰው ጋር እንዳመሳሰሉት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ያላነበበውን እንዳነበበ የሚያወራ ሰው ከዚህ ተግሣጽ የሚያመልጠው በየት በኩል ነው?

መጀመሪያ የወረደው ቃል «ኢቅራእ» መሆኑን በየመድረኩ ሳንጠቅስ የቀረንበት ቀን የለም። በየሠርጉ፣ በየምርቃቱ ይጠቀሳል። መጥቀሱ መልካም ነው። ነገር ግን ይህን የሚጠቅሰውን ተናጋሪ ከመድረክ ሲወርድ «ወንድሜ፣ አሁን በእጅህ ያለው መጽሐፍ የቱ ነው? ስንተኛው ገጽ ደረስክ?» ብሎ የሚጠይቀው ቢኖር ስንቱ መልስ ይኖረው ይሆን?

የቀደምቶቹ ሐቀኝነት

ኢብን አን-ነዲም በባግዳድ የኖረ መጽሐፍ ሻጭ ነበር። በ377 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 987) «አል-ፊህሪስት» የተባለውን ሥራውን አዘጋጀ። ይህ መጽሐፍ በዐሥር ክፍሎች ተከፍሎ በዘመኑ በዐረብኛ የሚታወቁ መጻሕፍትን ከነጸሐፊዎቻቸው ይዘረዝራል። የቁርኣንና የፊቅህ ዕውቀት አለበት፤ የቋንቋ፣ የግጥም፣ የፍልስፍና፣ የሕክምናና የሌሎች ሃይማኖቶች መጻሕፍትም አሉበት። ማታ ማታ ለጨዋታ የሚነገሩ ተረቶች እንኳ አልቀሩም። ለ«ሺህ አንድ ሌሊት» መነሻ ነው ስለሚባለው የፋርስ የተረት መጽሐፍ ሲናገር፣ ሙሉውን ከአንድ ጊዜ በላይ ማየቱን ይገልጻል፤ ከዚያም ለዛ የሌለው ሆኖ እንዳገኘው ይፈርዳል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ሰው የተረት መጽሐፍ ማየቱን ለመናገር አላፈረም። ስለማይጥም ነገርም «ግሩም ነው» አላለም። ራሱ ተመለከተ፣ ለሰው ተናገረ፣ ፈረደ። ከእኛ የጎደሉት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ወደ ደማስቆ እንሂድ። በ6ኛውና በ7ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን በዚያች ከተማ መስጊዶችና መድረሳዎች ኪታብ በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ በኪታቡ ገጾች ላይ ማስታወሻ ይሰፍራል። ማን አነበበ፣ በየትኛው ሸኽ ፊት፣ በየትኛው ቀን፣ ማን ማን ተቀምጦ ሰማ የሚለው ሁሉ በስም ይመዘገባል። በእነዚህ ዝርዝሮች ውስጥ ሊቃውንት ብቻ አይደሉም ያሉት። ነጋዴና የእጅ ባለሙያ አለ፤ ሴቶች አሉ፤ ዕድሜያቸው ተጠቅሶ የተጻፉ ሕፃናት አሉ። ዘግይቶ የመጣ መዘግየቱ ይጻፋል፤ መሐል ላይ ያንቀላፋም ማንቀላፋቱ ይጻፋል! ሱብሓነላህ! እነዚያ ሰዎች ኪታቡን ሰማሁ ለማለት ማንቀላፋታቸውን እንኳ አልደበቁም። እኛ ደግሞ ላስቲኩን ሳንቀድ አንብቤዋለሁ እንላለን።

የእኛ አገርም ከዚህ ባህል የራቀ አልነበረም። በወሎ ደረሳው ስንቁን ይዞ በእግሩ እየተጓዘ፣ አንዱን ኪታብ ከአንዱ ሸኽ፣ ሌላውን ከሌላው ሸኽ ዘንድ ይቀራ ነበር። ሁለት ደረሶች ሲገናኙ «ምን እየቀራህ ነው? ከማን ዘንድ? የት ደረስክ?» ይባባሉ ነበር። «የት ደረስክ» የሚለው ጥያቄ ውሸትን አያስጠጋም፤ ምዕራፉን ያልቀራ ወዲያው ይታወቃልና። በሐረርም ከቆዩት የእጅ ጽሑፎች መካከል የወቅፍ ማስታወሻ የተጻፈባቸው አሉ። የኪታቡ ባለቤት መጽሐፉን ለቤቱ ጌጥ አላስቀረውም፤ ሌላው እንዲያነበው በአላህ ስም ለቀቀው። እኛ የእነዚህ ሰዎች ልጆች ነን። ታዲያ መጽሐፍ የሚያስደብቅ አመል ከየት መጣብን?

«ልቦለድ ያበላሻል» ለሚሉ

አሁን ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። «ልጆቻችን የወደዱትን ያንብቡ፣ ያነበቡትንም በግልጽ ያውሩ ካልን በልቦለድና በማይረባ ነገር ይጠፋሉ» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ በንቀት አይታለፍም። ጎጂ መጽሐፍ መኖሩም አይካድም።

ነገር ግን እናስተውል። የተከለከለው ልቦለድ ደብተር ውስጥ ገብቶ ይነበባል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። በግልጽ የምታነብ ልጅ «እማ፣ ይሄ ሰውዬ ያደረገው ልክ ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ እናትም ትመልሳለች። ተደብቃ የምታነብ ልጅ ግን የምትጠይቀው ሰው የላትም፤ ከመጽሐፉ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። እንግዲህ ልጅን ለጎጂ መጽሐፍ አሳልፎ የሚሰጠው የትኛው ነው? ጭውውቱ ወይስ ዝምታው?

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ የነበረበትን ዘመን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ሬዲዮ ያለው ጎረቤቱን እየጠራ ያሰማ ነበር። ማንበብ የማይችል ሽማግሌ ሳይቀር ስለ ጉዱ ካሳ ይከራከር ነበር። ጭቆና ምንድን ነው? ትዕቢት ሰውን የት ያደርሳል? ልጅን ያለ ፈቃዷ መዳር ምን ያስከትላል? እነዚህ ሁሉ በአንድ ልቦለድ ምክንያት በየቤቱ ተነሡ። ያን ሁሉ ያደረገው መጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ አብሮ መስማቱና አብሮ መነጋገሩ ነው።

ሌሎች ደግሞ «አነበብኩ ብሎ ማውራት ሪያእ ነው» ይላሉ። ይህም ጥንቃቄ መልካም ነው። ለመታየት ብሎ የሚያወራ ሰው ኒያውን ይመርምር። ግን ሪያእን የሚያበዛው የትኛው መልስ ነው? የትልቅ ኪታብ ስም ጠርቶ «ማሻአላህ» መቀበል ወይስ «አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጀምሬ ነበር፣ አርባኛው ገጽ ላይ ከበደችኝና ተውኳት» ማለት? ሁለተኛውን ተናግሮ የሚኮራ ሰው አይገኝም። ስለ ንባብ እውነቱን መናገር ለሪያእ መድኃኒት ነው።

በመጽሐፍ መደሰትም ነውር አይደለም። ታላቁ የበስራ ጸሐፊ አል-ጃሒዝ ስለ ንፉጎች ሰውን የሚያስቅ መጽሐፍ ጽፏል፤ መጽሐፉም እስከ ዛሬ ይነበባል። ሌሊቱን ሲያነብ ለማደር የመጽሐፍ ሱቆችን ይከራይ እንደነበርም ይነገርለታል። ሰውን ከእንቅልፉ የሚያስነሳው ደስታ ነው። ደስታውን ከንባብ ነጥቀን ግዴታውን ብቻ ለልጆቻችን ብንሰጣቸው፣ ፈተናው ባለቀ ማግስት መጽሐፉን ወርውረው ቢሄዱ አይግረመን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ነገሩ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስብሰባም አይጠይቅም። በሳምንት አንድ ቀን፣ በመግሪብና በዒሻእ መካከል ወይም ቡናው ቀርቦ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ፣ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ይናገር፤ ምን እያነበበ ነው፣ የት ደረሰ፣ ምኑን ወደደ ወይም ጠላ። «ምንም አላነበብኩም» ማለትም ትክክለኛ መልስ ይሁን፤ በመናገሩ ማንም አይወቀስ። መጀመሪያ የሚናገረው አባት ይሁን። አባት «ይህን መጽሐፍ ጀመርኩ፣ አልገባኝም» ሲል ልጁ መጽሐፍ አለመግባት ኃፍረት እንዳልሆነ ይማራል። ልጁ ሲናገር ደግሞ «ከዚህ ምን ትምህርት አገኘህ?» ብለን እንደ መርማሪ አንጠይቀው። መጀመሪያ «እሺ፣ ከዚያስ ምን ሆነ?» እንበለው።

ማንበብ የማትችል እናትስ? የደማስቆዎቹን ጉባኤዎች አስታውሱ። ከተመዘገቡት የሚበዙት አንባቢዎች ሳይሆኑ ሰሚዎች ነበሩ፤ የሰማ ሁሉ ግን ተመዝግቧል። ስለዚህ ቡናው ሲቆላ ልጅ ታንብብ፣ እናት ትስማ፤ እናትም የራሷን ፍርድ ትስጥ። በጅዳና በዱባይ ሆናችሁ ለልጆቻችሁ የምትደውሉም «ስንተኛ ወጣህ?» ካላችሁ በኋላ «ምን እያነበብክ ነው? እስቲ ተርክልኝ» በሉ። ከስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ልጅን ልጅ የሚያደርግ ጨዋታ ነው።

በመጨረሻም የወደዳችሁትን መጽሐፍ አውሱ። ተዋሹም በጊዜው ይመልስ፤ የተዋሱት መጽሐፍ አማና ነውና። ከቡፌው ላይ አንዱን ኪታብ አውርዱ፤ ላስቲኩን ቅደዱ፤ ልጆች ይንኩት። ቢቆሽሽ በንባብ ይቆሽሽ! መደርደሪያ ላይ ነጽቶ ከሚኖር ኪታብ፣ በብዙ እጅ ተነካክቶ ጠርዙ የተበላ ኪታብ ባለቤቱን ይበልጥ ይጠቅማል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጁሙዓ ከወዳጃችሁ ጋር ስትገናኙ ስለ ገበያው ከመጠየቃችሁ በፊት ይህችን ጥያቄ አስቀድሙ። መልሱ ያፈረ ዝምታ ከሆነ አትሳቁ፤ በእጃችሁ ያለውን መጽሐፍ ስጡት። አላህ (ሱ.ወ.) የሚጠቅም ዕውቀት፣ እውነት የሚናገርም አንደበት ይስጠን። አሚን።