ቀኑ ያልታወቀ ተዝካር

ኒው ሃምፕሻየር ጎዳናን ያልተመላለሰበት የሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ መቼም አይኖርም። ታክሲ የሚነዳውም፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሰውም፣ በኋይት ኦክ በኩል ወደ ሥራው የሚሮጠውም ያውቀዋል። አሜሪካኖቹ «የመንግሥተ ሰማያት አውራ ጎዳና» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል፤ የዩክሬኖቹ ኦርቶዶክስ ካቴድራል፣ መስጊዱ፣ የሂንዱዎቹ መቅደስ፣ የቬትናም ካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም ግራና ቀኝ ተደርድረውበታልና። በመኪና ለሚያልፍ ግን ሁሉም ጣሪያ ብቻ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ መኪናዬን አቁሜ፣ ከታይላንዶቹ የቡድሃ ገዳም እስከ ካምቦዲያኖቹ በእግሬ ልሄድ ተነሣሁ። ሁለት ወዳጆቼን ጋብዤ ነበር፤ አንደኛው «ስለት አለብህ እንዴ?» አለኝ፣ ሁለተኛው ስልኩን አላነሣም። ስለዚህ ብቻዬን ሄድኩ።

የታዮቹ ገዳም ዋት ታይ ይባላል፤ ሌይሂል መንገድ ላይ ነው። («ዋት» ገዳም ማለት ነው፤ ወጥ የመሰለው አንባቢ ካለ ይቅርታ።) እንደኛው ሁሉ ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው። ብዙም አልቆየሁ። ከዚያ በቦኒፋንት መንገድ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፣ ኖርዝዌስት ብራንች የተባለውን ወንዝ መሻገር ነው። ወንዙን ተከትሎ በጫካው የሚሄደው የእግር መንገድ በሬቸል ካርሰን ስም ተሰይሟል፤ ፀረ ተባይ መርዝ በአእዋፍ ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት በ1962 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያጋለጠችው ሴትዮ የዚሁ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነበረች። ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። አገር ቤት ይህ ወቅት ጽጌ ነው፤ ሜዳው የሚያብብበትና የእመቤታችን ስደት በጾም የሚታሰብበት። እዚህ ደግሞ ዛፉ ራቁቱን ይቀራል።

ከቀትር በፊት ካምቦዲያኖቹ ዘንድ ደረስኩ። ቫት ቡዲካራማ ይባላል፤ እዚያው ኒው ሃምፕሻየር ጎዳና ላይ ነው። ሰዓቱን አስቤበት ነው፤ የኛ ጿሚ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ይበላል፣ የእነርሱ መነኩሴ ግን ከስድስት ሰዓት በኋላ እህል አይቀምስም። ወቅቱ የመነኮሳቱ የሦስት ወር የክረምት ሱባኤ አብቅቶ ምእመናኑ ልብስ የሚያለብሷቸው ጊዜ ነበር። አንዲት አሮጊት ብርቱካን ቀለም ያለው ጨርቅ ያጥፋሉ። እንግሊዝኛቸው የእናቴን ይመስላል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «አገርህም ጦርነት ነበር» አሉኝ።

ነበር እንጂ። ክመር ሩዦች ፕኖም ፔን የገቡት ሚያዝያ 17 ቀን 1975 እ.ኤ.አ. ነው። ከተማዋን ባዶ አደረጓት፣ መነኮሳቱን ልብሰ ምንኩስናቸውን አስወለቁ፤ ጥር 1979 እ.ኤ.አ. እስኪወድቁ ድረስ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ አለቀ። የኛ ቀይ ሽብርም በዚሁ መካከል ነው። ፕሬዚዳንት ካርተር በመጋቢት 1980 እ.ኤ.አ. የፈረሙት የስደተኞች ሕግ ለእነርሱም ለእኛም በር ከፈተ። እነሆ በአንድ ጎዳና እንተላለፋለን፤ ሰላምታ እንኳ የለንም።

ሴትዮዋ ወንድሞቻቸው ማለቃቸውን ነገሩኝ። የሞቱበትን ቀን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «አላውቅም። ቀኑን የማያውቅ ሁሉ በፕቹም ቤን ያበላል» አሉ። ፕቹም ቤን በመስከረምና በጥቅምት ግድም የሚውል የ15 ቀን የሙታን መታሰቢያ ነው፤ ምግብ ተሠርቶ ወደ ገዳሙ ይሄዳል፣ እስከ ሰባት ትውልድ ያለ ዘመድ ይታሰባል፣ ዘመድ የሌለውም ሙት ድርሻ አለው።

የእናቴ ወንድም በ1970 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ቤቱ ተወስዶ አልተመለሰም። አያቴ ተዝካሩን ሳታወጣ ሞተች። ቀኑ ካልታወቀ አርባው ከየት ይቆጠራል? ሰማንያውስ? ተዝካር ማውጣት ደግሞ መሞቱን ማመን ነው፤ እሷ እስከ መጨረሻው በሩን ታይ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ስንት አለ! ቀይ ሽብሩን ብቻ አትቁጠሩ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ልጁ የት እንደ ቀረ ያላወቀ ወላጅ በዚህ በሲልቨር ስፕሪንግ አጠገባችን ቡና ይጠጣል።

አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ዳር ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ፤ መልካም ነው። እዚህ ግን ለኳስ እንሰበሰባለን፣ ለሠርግ እንሰበሰባለን፤ ቀናቸው ላልታወቀ ሙታን ተሰብስበን ስናበላ ግን እኔ አላየሁም። «ማን ገደለ? ማን ሞተ?» የሚል ጭቅጭቅ ይነሣል የሚሉኝ አሉ። ይነሣል። ካምቦዲያኖቹስ ይህ የለባቸውምና ነው? ቤተሰቡን በሙሉ በክመር ሩዥ ያጣው መነኩሴ ማሃ ጎሳናንዳ በ1992 እ.ኤ.አ. ስደተኞቹን አስከትሎ ከታይላንድ ድንበር እስከ ፕኖም ፔን በእግሩ ሲሄድ፣ ገዳይም ተገዳይም በነበሩባቸው መንደሮች እያለፈ ነበር።

በርማዎቹ ፓውደር ሚል መንገድ ላይ ገዳም አላቸው፤ እስከዚያ እግሬ አልቻለም፣ በአውቶቡስ ተመለስኩ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ሐሳቤ ይህ ነው። የሞቱት ሁሉ የአንድ ሃይማኖት ሰዎች አልነበሩምና አዳራሽ ይሻላል፤ ጸሎቱን ቄሱም፣ ሼኩም፣ ፓስተሩም በየተራ ያድርሱ። ቀኑን እኔ ከኅዳር ቁስቋም ቀጥሎ ያለውን ቅዳሜ አስቤያለሁ። ሌላ ቀን የሚሻል የመሰላችሁ ጻፉልኝ፤ ስም የምታስመዘግቡም ስሙን ብቻ ላኩ፣ የሞተበትን ቀን አልጠይቅም።