የወጣት ፈረሰኞች ሥልጠና የገበሬ ማኅበራትን ትኩረት ይሻል

በምዕራብ ጎጃም ዞን የደጋ ዳሞት ወረዳ ዋና ከተማ ፈረስ ቤት ትባላለች። ስሟ ፈረስ የሚያድርበትንና የሚቀለብበትን ቤት እንደሚያመለክት ሁሉ፣ በዙሪያዋ ባለው ደጋ ፈረስ ዛሬም ከገበሬው ዋና ዋና ሀብቶች አንዱ ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስለሚገኙ የመኪና፣ የባጃጅና የጋሪ አገልግሎት ያገኛሉ። ከመንገድ ርቀው በተራራና በገደል መካከል የሚኖሩት ገበሬዎች ግን ወደ ገበያ የሚወጡት፣ እህል ወደ ወፍጮ የሚያደርሱት፣ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያቀርቡት በአብዛኛው በእንስሳት ጉልበት ነው።

ይህ ሀብት በማን እጅ ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በወጣቶች እጅ የሚል ነው። ፈረሱን ወንዝ የሚያወርደው፣ ሣር የሚያበላው፣ ከገበያ መልስ ኮርቻውን የሚያወርደው ብዙውን ጊዜ የቤቱ ልጅ ነው። አባት የገዛው ፈረስ የሚከርመውም ሆነ የሚጎዳው እንደ ልጁ እውቀት ነው። ስለሆነም የወጣት ፈረሰኞች ሥልጠና የጨዋታ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም፤ የቤተሰብን ጥሪት የመጠበቅ ጉዳይ ነው።

የጎደለው መካከለኛ ደረጃ

እንደሚታወቀው የደጋ ልጅ ፈረስ መውጣትን ማንም ሳያስተምረው በእረኝነት ዘመኑ ይለምዳል። ያለ ኮርቻ ጋማ ይዞ መፈናጠጥ ለእርሱ ችግር አይደለም። በሌላው ጫፍ ደግሞ በጥምቀትና በሌሎች በዓላት የሚታየው ጉግስ፣ ሽምጥ ግልቢያና የሠርግ አጀብ አለ። ወጣቱ ሁሉ የሚመኘውም ይህንኑ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ደረጃ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ልጁ ከመፈናጠጥ በቀጥታ ወደ ሽምጥ ግልቢያ ይሻገራል፤ ፈረሱን ማወቅ፣ ዕቃውን ማስተካከል፣ እርምጃውን መምረጥና ከሥራ በኋላ መንከባከብ በመካከል ይቀራሉ።

ውጤቱ በፈረሱ ጀርባ ላይ ይታያል። ገጣባ ያልነካው ፈረስ ማግኘት በብዙ ገበያ አስቸጋሪ ነው። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ሥራ ይፈታል። ቁስሉ ሳይድን እንደገና ከተጫነ ደግሞ ጉዳቱ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ባለቤቱም በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው የአበው አባባል የፈረሰኛውን ኃላፊነት ያመለክታል። ፈረሱ የሚያደርሰውም ቢሆን የሚያደርስ ጀርባና ኮቴ እስካለው ድረስ ብቻ ነው።

ቀድሞ ይህ ሙያ ባለቤት ነበረው። በቤተ መንግሥት የፈረሶች ኃላፊ ባልደራስ እየተባለ በማዕረግ ይጠራ ነበር። የጦር መሪዎችም በፈረሳቸው ስም ይታወቁ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ በጎጃም አርበኝነት ዘመን ደግሞ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር እንደተባሉት ማለት ነው። ዛሬ ያ የማዕረግ ሥርዓት የለም። እውቀቱ ግን በየመንደሩ ባሉ አረጋውያን ፈረሰኞች ዘንድ ስላለ ከእነርሱ ጋር ሳይቀበር ወደ ወጣቱ መተላለፍ ይኖርበታል።

ከኮርቻ በፊት የሚታወቅ

መካከለኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ወጣት በመጀመሪያ የፈረሱን ዕድሜ ከጥርሱ ማወቅ አለበት። የፊት መካከለኛ የወተት ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል ግድም፣ ከጎናቸው ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ዓመት ተኩል ግድም ይለወጣሉ። ውርንጭላ ዕድገቱን ሳይጨርስ ቢጋለብ እግሩና ጀርባው ይጎዳል። 3 ዓመት ሳይሞላው ሰው ባይወጣበት፣ ሙሉ ሥራም እስከ 4 እና 5 ዓመት ድረስ ባይሰጠው ይመረጣል።

ሁለተኛው ጤናውን መለየት ነው። ያረፈና ጤነኛ የሆነ ፈረስ የልብ ምት በደቂቃ ከ28 እስከ 40፣ ትንፋሹም ከ8 እስከ 16 ነው። ምቱ ከመንጋጋው ሥር ባለው የደም ሥር ላይ ጣት በማሳረፍ ይቆጠራል። ሰዓት ወይም ስልክ ያለው ወጣት ይህን በአንድ ቀን ሊማረው ይችላል። ሳይሠራ የሚያለከልክ ወይም መብል የተወ ፈረስ አይጫንም።

ሦስተኛው የዕቃው ጉዳይ ነው። ኮርቻው በጀርባው አጥንት ላይ ሳይሆን በግራና በቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ማረፍ አለበት። ከኮርቻው ሥር የሚገባው ድብዳብ ንጹሕና ደረቅ መሆን ይኖርበታል፤ በላብ የደረቀ ድብዳብ ቆዳን እንደ ሞረድ ይልጣል። ልጓሙ ሻካራ ብረት ከሆነ አፉን ያቆስላል። በደረቱ ሥር የሚያልፈው ጠፍር ቀስ እየተባለ ከተጠበቀ በኋላ ፈረሱ ጥቂት ተራምዶ እንደገና መታየት አለበት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ብዙ ወጣት የሚወድቀው ኮርቻው ዞሮበት ነው። ከመውጣት በፊት አራቱንም ኮቴዎች አንሥቶ ጠጠርና ጭቃ ማውጣትም የዚሁ ሥራ አካል ነው።

በኮርቻ ላይ

በፈረስ ላይ መቀመጥና ፈረስን መምራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መካከለኛ ፈረሰኛ በዛብ ላይ አይንጠለጠልም፤ ሚዛኑን በወገቡና በጭኑ ይጠብቃል። ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ በፈቃዱ ይሸጋገራል፤ በፈለገበት ቦታ ያቆማል፣ በግራም በቀኝም ያዞራል። ሌሎች ፈረሶች ሲጋልቡ የራሱን ፈረስ በእርምጃ መያዝ የሚችል ወጣት መካከለኛውን ደረጃ ለመጨረስ ተቃርቧል።

የመሬቱ አቀማመጥ ደግሞ የራሱ ትምህርት ነው። በደጋ ዳሞት አገር አቀበቱና ቁልቁለቱ ብዙ ነው። በዓለም ላይ ብዙ የፈረስ ባለሙያዎች የሚመክሩት ሰውና ዕቃ ተደምረው ከፈረሱ ክብደት ከአምስት እጅ አንዱን እንዳያልፉ ነው። በዚህ ስሌት 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ የሚመቸው ሸክም 50 ኪሎ ግድም ነው። አዋቂ ሰው ከነኮርቻው ከዚህ እንደሚበልጥ ግልጽ ነው። በመሆኑም በአንድ ፈረስ ሁለት ሆኖ መውጣት ጉዳት አለው፤ በከባድ አቀበትና ቁልቁለት ላይ ወርዶ መጎተት ደግሞ ትክክለኛ ሥራ ነው። ቀደምት መንገደኞች ይህን የሚያደርጉት ከፍርሃት ሳይሆን ፈረሱ ነገም እንዲያገለግላቸው ነበር።

ከግልቢያ በኋላ ፈረሱን ወዲያው ማሰር አይገባም። ትንፋሹ እስኪረጋ አሥር ደቂቃ ያህል በእርምጃ ይመራል፤ ኮርቻው ወርዶ ጀርባው ይታሻል፣ ውኃ ይሰጠዋል፣ ከዚያም ሣር ወይም ድርቆሽ ይቀርብለታል። ገብስ ወይም ሌላ ጥሬ የሚሰጠው ካረፈ በኋላና በትንሽ በትንሹ ነው። ፈረስ የበላውን ማስመለስ የማይችል እንስሳ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ ጥሬ ቢበላ በቁርጠት ሊሞት ይችላል። በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር፣ ሲሠራም ከዚያ በላይ ውኃ እንደሚያስፈልገው ልጁ ማወቅ አለበት። እግሩን በቀጭን ገመድ ጠፍሮ ማሳደርም ገመዱ ሥጋ እየቆረጠ ስለሚያቆስለው መቅረት የሚገባው ልማድ ነው።

በሽታና መከላከያ

ለፈረስ ከሚያሰጉት በሽታዎች አንዱ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ነው። የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ናቸው፤ በብዛት የሚነክሱትም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ትኩሳት፣ ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ማበጥ፣ ከአፍንጫ አረፋ መውጣት ምልክቶቹ ናቸው። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት ስለሌለው መፍትሔው አስቀድሞ ማስከተብ ነው። ክትባቱ በአገር ውስጥ በቢሾፍቱ ይመረታል። ዝንቡ በሚበዛበት ጊዜ ፈረሱን ከረግረግ አርቆ በቤት ማሳደርም ይረዳል።

ሁለተኛው በፈንገስ የሚመጣውና በቆዳ ላይ ተከታታይ እብጠትና ቁስል የሚያወጣው በሽታ ነው። ይህ በተለይ የጋሪ ፈረሶችን ያጠቃል። የሚገባው በቁስል በኩል ሲሆን፣ ዝንብና በጋራ የሚሠራበት ኮርቻ፣ ልጓምና መቧጠጫ ያዛምቱታል። ስለዚህ ገጣባን መከላከል ይህንንም በሽታ መከላከል ነው። ከደጋ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ገበያ የሚወርድ ወጣት ዕቃውን ከጋሪ ፈረስ ዕቃ ጋር እንዳይቀላቅል መመከር አለበት።

የማኅበራት ድርሻ

በማኅበር የተደራጀ ፈረሰኛ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአጎራባቹ አዊ ብሔረሰብ ዞን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል፤ በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ፈረስ የሰጠውን አገልግሎትም ያስታውሳል። ማኅበሩ ከሰማንያ ዓመት በላይ የዘለቀው ሕዝቡ ፈረስን የግለሰብ ንብረት ብቻ ሳይሆን የጋራ ክብር አድርጎ ስለያዘው ነው። ይሁንና በበዓሉ ሜዳ ላይ የሚታየው ፍጻሜው ነው፤ ያ ሁሉ ፈረስ አምሮ ለመውጣት የሚበቃው ዓመቱን ሙሉ በየቤቱ በሚደረግለት እንክብካቤ ነው።

በውጭም ተመሳሳይ ልምድ አለ። በብሪታንያ በ1929 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፖኒ ክለብ ልጆችን በደረጃ እየፈተነ ያሳልፋል። ፈተናው ግልቢያን ብቻ ሳይሆን አያያዝንም ይጨምራል። ከዚህ ሊወሰድ የሚገባው ሐሳቡ ነው፤ ገንዘብም ሆነ ልዩ ሕንፃ አይጠይቅም።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች በየቀበሌያቸው ይህን መጀመር ይችላሉ። ከመኸር አዝመራ መሰብሰብ በኋላ መስኩ ሲለቀቅ፣ በሥራ ፈት ቀናት፣ በሙያቸው የተመሰከረላቸው ሁለት ወይም ሦስት አረጋውያን ፈረሰኞች ወጣቶችን እንዲያሠለጥኑ ማድረግ አንዱ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጋብዞ ቁስልና በሽታ እንዲያሳይ፣ የክትባት ጊዜም እንዲያሳውቅ ማድረግ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ፈተና ነው፦ ወጣቱ ዕድሜ ከጥርስ ይለይ፣ ኮርቻ ጭኖ ያሳይ፣ በሦስቱም እርምጃ ይጋልብ፣ ሲመለስ ጀርባውን አሳይቶ ያስረክብ። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ይዞ የመጣ ወጣት በጉግስ እንዳይሰለፍ መከልከል ከብዙ ምክር ይበልጣል፤ ዘንግ ይዞ ሌላውን ማሳደድ የሚፈቀደውም ፈረሱን ማቆምና ማዞር ለሚችል ብቻ መሆን አለበት። ሴት ልጆችም ፈረስ ውኃ በማጠጣትና በመመገብ ስለሚሳተፉ ከሥልጠናው ሊቀሩ አይገባም።

በእርግጥ መንገድ እየተሠራ፣ ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ እየበዛ ሲሄድ ፈረስ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። መንገድ መስፋፋቱ ደግ ነው። ነገር ግን በክረምት ጭቃ ሞተር የማይወጣው አቀበት አሁንም አለ፤ በምጥ የተያዘች እናትም መንገድ እስኪሠራ አትጠብቅም። በዚያ ሰዓት ወሳኙ ነገር ጀርባው ጤነኛ የሆነ ፈረስና ቀስ አድርጎ ሊመራው የሚችል ወጣት መኖራቸው ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን አይገኙም፤ በበጋው መስክ ላይ አስቀድመው መዘጋጀት አለባቸው።